ዙር ሲጨምር ጉልበቱ የሚከዳ ሞተር

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በመተከል ዞን በምትገኘው ፓዌ ውስጥ ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ የሚነዳ ሰው ሁሉ ቢያንስ በወሬ በሚያውቀው አንድ ብልሽት ላይ ያተኩራል።

ሞተሩ ጠዋት በአንድ ምት ይነሣል። ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ያምራል። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሰው አፈናጥጦ፣ አኩሪ አተር የሞላ ጆንያ አስሮ ያለ ችግር ይጎትታል። መንገዱ ሲለቀቅና ነጂው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሲሰጠው ግን ነገሩ ይለወጣል። ዙሩ ከሆነ ቦታ በላይ አልወጣም ይላል። ይንተፋተፋል፤ አንዳንዴም በጭስ ማውጫው ይተኩሳል። ነጂው እጁን ትንሽ መለስ ሲያደርግለት ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ጉዞውን ይቀጥላል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውም የተለመደ ነው። ካንዴላ ይቀየራል፤ አይሻለውም። ካርቡራተር ይቀየራል፤ ለሁለት ቀን የተሻለው ይመስልና ተመልሶ ያው ይሆናል። በመጨረሻ ቴስታታው ይፈታል፣ ፒስተንና ፋሻ ይገዛል፣ የወር ገቢ ያልቃል፤ ብልሽቱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። በሞተሩ ሠርቶ ለሚያድር ወጣት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ሞተሩ የቆመበት እያንዳንዱ ቀን ከቤተሰቡ ማዕድ ላይ የሚነሳ ነው። አብዛኛው ወጪ ደግሞ ሊቀር የሚችል ነበር፤ ምክንያቱም በዝቅተኛ ዙር ደህና ሠርቶ በከፍተኛ ዙር የሚደክም ሞተር ምን እንደጎደለው በድምፁና በአኳኋኑ ይናገራል። ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚናገረውን መስማት ይገባል።

ነገሩን ለመረዳት ከጊዜ መጀመር ይሻላል። በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ የሆነው ባጃጅ ቦክሰር 150 ሙሉ ጉልበቱን፣ ማለትም 12 የፈረስ ጉልበት ያህሉን የሚሰጠው በደቂቃ 7,500 ዙር ሲደርስ ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ዙር የሚፈጀው 8 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ አንድ ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ መሆኑን ልብ ይሏል። ፒስተኑ ወርዶ አየርና ቤንዚን የሚስበው በዚያ ግማሽ፣ በ4 ሚሊሰከንድ ውስጥ ነው። ያው ሞተር ቆሞ በ1,500 ዙር ሲንቀሳቀስ ለዚሁ ሥራ 20 ሚሊሰከንድ አለው።

በግማሽ የተደፈነ የቤንዚን መተላለፊያ በ20 ሚሊሰከንድ የሚፈለገውን ያህል ሊያደርስ ይችላል። በ4 ሚሊሰከንድ ግን አያደርስም፤ በዚያ ላይ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር የሚጠይቀው ቤንዚን በደቂቃ ሲቆጠር ብዙ እጥፍ ነው። ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ቦቢና ሲዳከምም እንዲሁ ነው። ሲሊንደሩ በከፊል ብቻ ሲሞላ ብልጭታው ይሻገራል፤ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተሰጥቶ ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ሲታመቅ ግን መሻገር ያቅተዋል። ብልሽቱ ጠዋትም ነበረ፤ የሚያጋልጠው ሥራ ስላልመጣበት ብቻ ተሸሽጎ ቆየ።

ይህን ብልሽት ከማንም በላይ የሚያውቁት የካርት ተወዳዳሪዎች ናቸው። ካርት አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ወለሏ ለመሬት የቀረበ፣ ጣሪያ የሌላት ትንሽ የውድድር ተሽከርካሪ ናት። የመጀመሪያዋን በ1956 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራት አርት ኢንግልስ የተባለ የውድድር መኪና ባለሙያ ሲሆን የገጠመላትም የሣር ማጨጃ ሞተር ነበር። ጀርመናዊው የመኪና ውድድር ሻምፒዮን ሚካኤል ሹማከር ገና የ4 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በፔዳል በሚነዳት ካርቱ ላይ ትንሽ የሞተር ሳይክል ሞተር ገጠሙለት። እንግሊዛዊው የመኪና ተወዳዳሪ ሉዊስ ሃሚልተንም በ8 ዓመቱ ውድድር የጀመረው በካርት ነው። ዛሬ 125 ሲሲ የሆነ ባለሁለት ምት የካርት ሞተር በደቂቃ ወደ 14,000 ዙር ይሽከረከራል። ያኔ አንድ ዙር የሚፈጀው ከ4 ሚሊሰከንድ ብዙም አይበልጥም፤ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠልና ማስወጣት ሁሉ በዚያች ጊዜ ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። ሞተሩ የመጨረሻዋን 1,000 ዙር ከከለከለ ነጂው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ይቀደማል። ስለዚህ ጎበዝ የካርት መካኒክ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ነጂውን ይጠይቃል። ከስንት ዙር ጀምሮ ነው? በድንገት ነው የተቆረጠው ወይስ ቀስ እያለ ነው የደከመው? ገና ሲነሣ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ?

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ፓዌ ላይም ይሠራሉ።

ፓዌ ለሞተር እንግዳ አይደለችም። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ሰፋሪዎች እዚህ በለስ ሸለቆ ውስጥ ሲሰፍሩ፣ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የተቋቋመውና በሳሊኒ ኩባንያ የተሠራው የጣና በለስ ፕሮጀክት ትራክተሮችንና ከባድ ማሽኖችን ይዞ ነበር የመጣው። መንደሮቹ ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ። የፕሮጀክቱ ትራክተሮች ዘመን አልፏል። ዛሬ ከመንደር መንደር ሰውና እህል የሚያመላልሰው፣ ታማሚ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው፣ ወደ ግልገል በለስና ወደ ማምቡክ የሚመላለሰው በአብዛኛው ባለሁለትና ባለሦስት እግሩ ነው። ከእነዚህ ጎን ለጎን የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ሲነዷቸው የኖሩት ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 አሉ። እነዚህ ሁለቱ ባለሁለት ምት ስለሆኑ በሥራቸው ከካርት ሞተር ጋር የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ማድመጡ እንምጣ። ነዳጁ በሙሉ ሲሰጥ ሞተሩ በድንገት ሳይሆን ቀስ እያለ እየላላ ከሄደ፣ ድምፁ ወፍሮ ከታፈነ፣ ጥርጣሬው ወደ ቤንዚንና ወደ አየር ይሄዳል። ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ እንደገና የሚይዝ፣ መልሶ የሚቆረጥ ከሆነ፣ በጭስ ማውጫውም የሚተኩስ ከሆነ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ኤሌክትሪኩ ነው። ሞተሩ በደንብ እየጮኸ፣ ዙሩም እየወጣ ፍጥነቱ ብቻ ካልጨመረ ደግሞ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮን ነው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም በቀላሉ የሚለይ ሲሆን፣ እሱን ባለመለየት ስንት ካርቡራተር በከንቱ ተፈታ!

በቤንዚን በኩል ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ነው፤ የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ የሳልባትዮው ክዳን። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ቤንዚኑ በወረደ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። ያ ቀዳዳ በአቧራና በጭቃ ሲደፈን ሳልባትዮው ውስጥ ያለው ግፊት እየቀነሰ ይሄድና ቤንዚኑን ወደ ላይ ይይዘዋል። በዝግታ ለሚሄድ የሚንጠባጠበው ይበቃዋል፤ ለሚሮጥ ግን አይበቃውም። ምልክቱ ጊዜ ነው። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ በደንብ ሮጦ ይደክማል፤ ቆሞ ትንሽ ሲያርፍ ይመለስለታል። ሲደክም ወዲያው ቆሞ ክዳኑን መክፈት ነው። አየር ሲገባ የሚሰማ የመሳብ ድምፅ ካለና ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ካገኘ ምርመራው አለቀ። በቀጭን ናይለን ክር ወይም በጎማ መንፊያ ቀዳዳውን ማጽዳት በቂ ነው።

ክዳኑ ደህና ከሆነ የቤንዚኑ ፍሰት ይለካል። ይህ ሙከራ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ በረንዳ ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ የሚደረግ ነው። ወደ ካርቡራተሩ የሚገባው ጎማ ይነቀልና ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። የቤንዚኑ መክፈቻ ይከፈታል፤ ሰዓት ይያዛል። 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ወደ 4 ሊትር፣ በደቂቃ ወደ 70 ሚሊሊትር ቤንዚን ይፈልጋል። ስለዚህ ጠርሙሱ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ከሞላ ፍሰቱ ከበቂ በላይ ነው፤ ጥፋቱ ከጎማው በታች ይፈለጋል። 7 ደቂቃ ከፈጀ ሞተሩ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያም በላይ ከፈጀ ወይም በደንብ ጀምሮ እየቀጠነ ከሄደ በሳልባትዮው ውስጥ ያለው ማጣሪያ፣ መክፈቻው ወይም የታጠፈ ጎማ ተጠያቂ ነው። ከመንገድ ዳር በጠርሙስ በሚሸጥ ቤንዚን ለሚሠራ ሞተር ይህ ማጣሪያ ቶሎ ይሞላል።

ከማጣሪያው በታች ካርቡራተሩ አለ። በሥሩ ያለችው ትንሽ ሳህን ቤንዚን ታጠራቅማለች፤ ከታቿ መፍሰሻ ብሎን አላት። ያችን ብሎን ፈታ አድርጎ የሚወጣውን በጠራ ብርጭቆ መቀበል ብዙ ያስተምራል። ብርጭቆው ዘንበል ሲል ከቤንዚኑ ሥር የሚንከባለሉ፣ ከቀሪው ጋር የማይዋሐዱ ጥርት ያሉ ፍሬዎች ከታዩ ያ ውኃ ነው። ውኃ ከቤንዚን ይከብዳልና ወደ ታች ይወርዳል። ለከፍተኛ ዙር ቤንዚን የምታቀብለው ትንሽ የናስ ቀዳዳ፣ ዋናዋ ጄት፣ የምትስበውም ከዚያው ከሳህኗ ሥር ነው። ቆሞ ሲሠራ የሚያገለግለው ሌላ ቀጭን መንገድ ስለሆነ ሞተሩ ሲቆም ደህና፣ ሲሮጥ ግን በሽተኛ ይሆናል። ፓዌ በዓመት ወደ 1,600 ሚሊሜትር ዝናብ የምታገኝ፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘንብባት አገር ናት። በዝናብ ያደረ ሞተር ሳልባትዮው ውስጥ ውኃ ማስገባቱ የሚጠበቅ ነው።

ከውኃው ጋር ቀይ የዝገት ዱቄትም ሊወጣ ይችላል። ጄቷን የሚደፍናት እሱ ነው። እዚህ ላይ በጥብቅ መባል ያለበት ነገር አለ፤ ጄትን በብረት ሽቦ መጎርጎር ሞተርን መጉዳት ነው። ቀዳዳዋ የተለካችው በሚሊሜትር ክፍልፋይ ነው፤ ሽቦው ናሱን ሲፍቀው መጠኗ ይቀየርና ከዚያ በኋላ ማንም ቢያስተካክለው አይስተካከልም። በቤንዚን ማጠብና በመንፊያ መንፋት ይበቃታል።

የቤንዚኑ ጥራት ሌላ ጣጣ ነው። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ጭነት ሲበዛ ሞተሩን ያስቀጠቅጠዋል፤ ከሲሊንደሩ ብረት በብረት የሚመታ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ቀላሉ መፈተሻ ነጭ ወረቀት ነው። አንድ ጠብታ ይደረግበትና በጥላ ሥር ይቆያል። ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፤ ላምባ ያለበት ግን ቅባት የመሰለ ቀለበት ይተዋል። እንዲህ ዓይነቱን ነዳጅ ይዞ ነዳጅን በሙሉ መስጠት ፒስተን እስከመብሳት ሊያደርስ ይችላል።

አሁን ደግሞ አየር። በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት በመንደሮቹ መካከል ባሉት የአፈር መንገዶች ላይ አንድ መኪና ተከትሎ መሄድ ብቻ የአየር ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን ይሞላዋል። የታፈነ ሞተር ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ቤንዚንም ይበላል። ስፖንጅ የሆነው ፊልትሮ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጥቂት የሞተር ዘይት ታሽቶ ይመለሳል። ወረቀት የሆነው አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ተነፍቶ ካልጠራ ይቀየራል። የሚያሳዝነው ብዙ ወጣቶች ጉልበት ይጨምራል ብለው ፊልትሮውን ጭራሽ አውጥተው መንዳታቸው ነው። ድምፁ ይጨምራል፤ ሲሊንደሩን ግን አቧራ ይበላዋል። ፋሻው ሲበላና መታመቁ ሲቀንስ ጉልበቱ በከፍተኛም በዝቅተኛም ዙር አብሮ ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ብር የሚያስወጣ ነው።

የፓዌን ነጂ በተለይ የሚመለከት አንድ ጉዳይ ከፍታ ነው። ፓዌ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,100 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ወደ ፓዌ ሲመጣ የሚታለፈው እንጅባራ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ሞተር ሳይክል ከእንጅባራ ተነስቶ በቻግኒ አድርጎ ወደ ግልገል በለስ ሲወርድ በአንድ ጉዞ ከ1,300 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ቆላው ሙቀት ቢኖረውም አየሩ ከደጋው አየር ከ10 በመቶ በላይ ይወፍራል። ብዙ አየር ማለት ብዙ ቤንዚን ሊቃጠል ይችላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ ሞተር ቆላ ላይ መበርታት አለበት።

ችግሩ የሚመጣው ደጋ ላይ ሳለ አንድ መካኒክ ጥቁር ጭሱን ለማጥፋት ብሎ ዋናዋን ጄት ባነሰ ቁጥር ቀይሮለት ከሆነ ነው። ለደጋው ስስ አየር ልክ የነበረችው ጄት ቆላው ላይ ታንሳለች። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ ይንተፋተፋል፣ ከልክ በላይ ይሞቃል። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ያገለገለ ሞተር ገዝቶ ያመጣ ሰው ጄቷ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከፋብሪካው መመሪያ ጋር ማስተያየት አለበት። የተገላቢጦሹም መታወቅ ይገባዋል። ከፓዌ ጭኖ ወደ እንጅባራ የሚወጣ ነጂ ከጉልበቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነውን በአየሩ መሳሳት ብቻ ያጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የትኛውም ካንዴላ አይመልሰውም። ዳገቱ ላይ ደክሞ ሲወርድ የሚበረታ ሞተር ጋራዥ መግባት የለበትም።

ቤንዚኑ አንሶ እንደሆነ ወይም በዝቶ እንደሆነ የሚለዩ ሁለት ሙከራዎች አሉ። አንደኛው ቾክ ነው። ሞተሩ በሚንተፋተፍበት ቦታ ላይ ቾኩ ለአፍታ በግማሽ ይሳባል። ከበረታ ቤንዚን አንሶት ነበር፤ ከባሰበት ደግሞ በዝቶበት ወይም አየር አንሶት ነው። ሁለተኛው ካንዴላን ማንበብ ነው። ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ ጥቂት ከሮጠ በኋላ ፍሪሲዮኑ ተይዞ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፤ በዝግታ ሳይሠራ ማለት ነው። ከዚያ ሞተሩ ቆሞ ካንዴላው ይፈታል። በመሐሉ ያለው ሸክላ የተቆላ ቡና የመሰለ ቀለም ካለው ድብልቁ ደህና ነው። ነጭ ሆኖ የተለበለበ ከመሰለ ቤንዚን አንሷል። በደረቅ ጥቀርሻ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየሩ ታፍኗል። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ቆይቶ ከጠፋ ግን የሚነበበው የዝግታው ቀለም ስለሚሆን ምርመራው ያሳስታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በኤሌክትሪኩ በኩል አንድ የቆየ ልማድ መታረም አለበት። ካንዴላውን ፈትቶ፣ ከሞተሩ አካል ጋር አገናኝቶ፣ ብልጭታውን አይቶ «ካንዴላው ደህና ነው» ማለት በቂ አይደለም። ሜዳ ላይ ያለው አየር ያልታመቀ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግን በብዙ እጥፍ የታመቀ ስለሆነ ብልጭታው ለመሻገር ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ውጭ ሲታይ ሰማያዊና ብርቱ የነበረው ብልጭታ ውስጥ ሲገባ ሊጠፋ ይችላል። የካንዴላው አፍ ክፍተት በእነዚህ ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። በአገልግሎት ብዛት ሲበላና ሲሰፋ የሚፈለገው ቮልቴጅ ይጨምራል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ መለካትና ማጥበብ ከመግዛት ይቀድማል። ከዚያ ካንዴላውን የሚሸፍነው ቆብና ሽቦው ይታያሉ። ማታ በጨለማ ሞተሩን አስነስቶ ዙሩን ከፍ ማድረግ ነው። በሽቦው ወይም በቦቢናው ዙሪያ ትናንሽ ሰማያዊ ብልጭታዎች ሲዘሉ ከታዩ ኤሌክትሪኩ ወደ ካንዴላው ሳይደርስ እየፈሰሰ ነው።

ሞተሩ የሚቆራረጠው ከሞቀ በኋላ ብቻ ከሆነ ቦቢናው ወይም ከማግኔቱ አጠገብ ያለው መቆጣጠሪያ ጠምዛዛ ሽቦ ይጠረጠራል። ሽቦዎቹ ሲሞቁ ይለጠጣሉ፤ የተሰነጠቀው ቦታ ይከፈታል፤ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ይህ ከተደፈነው ክዳን ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ሁለቱም ቆይተው የሚመጡ ናቸውና። የሚለያቸው ያው ክዳኑን መክፈት ነው። ተከፍቶም ካልተሻለው እና ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀዘቅዝ ከተሻለው ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው።

ያማሃ ለሚነዱት ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። ባለሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥል በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው ውስጥና በሲሊንደሩ መውጫ ላይ ጠንካራ ጥቀርሻ ይጋገራል። መውጫው ሲጠብ ዝቅተኛው ዙር ብዙም አይነካም፤ ከፍተኛው ግን ይሞታል። ማርሚታው ተፈቶ በውስጡ ያለው ቱቦ ይጸዳል፤ የሲሊንደሩ መውጫ በእንጨት ይፋቃል እንጂ ፒስተኑን በሚጭር ብረት አይነካም። ሁለተኛው ከካርቡራተሩ ጀርባ ያሉት ቅጠል የመሰሉ ስስ መዝጊያዎች ናቸው። ጫፋቸው ሲሸረፍ ወይም ሲታጠፍ የገባው ድብልቅ ወደ ኋላ ይመለሳል። የካርት መካኒኮች ጉልበት ሲጠፋባቸው ቀድመው ከሚያዩአቸው ነገሮች አንዱ እነዚህ ቅጠሎች ናቸው። ብርሃን ላይ አንስቶ ማየት ነው፤ በተዘጋ ቅጠል ጠርዝ ብርሃን በሰፊው መታየት የለበትም።

ባለአራት ምቶቹ ቦክሰርና ባጃጅ ደግሞ ቫልቭ አላቸው። በቫልቩና በገፊው መካከል ያለችው ክፍተት በጊዜ ብዛት ትጠባለች ወይም ትሰፋለች። ጠባ ከሆነ ሞተሩ ሲሞቅ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ እመቃው ያመልጣል፤ ቫልቩም ይቃጠላል። ሰፍታ ከሆነ ቫልቩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ቀድሞ ይዘጋል፤ ከ4 ሚሊሰከንዱ ላይ መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። መለኪያው ስስ የብረት ቅጠሎች ያሉት ሲሆን የሚለካውም ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ቢቻል አድሮ ጠዋት ነው። ትክክለኛው ቁጥር በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። ቴስታታ የሚፈታው ይህ ከተለካና እመቃው በመለኪያ ከታየ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አይደለም።

የቀረው ፍሪሲዮን ነው። ዳገት ላይ፣ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ነዳጁ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ድምፁ ሽቅብ ወጥቶ ፍጥነቱ በነበረበት ከቀረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። መጀመሪያ ሽቦው ይታያል። እጀታው ላይ ትንሽ ነጻ እንቅስቃሴ ከሌለ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በግማሽ የተያዘ ነው፤ ማስተካከያው ብሎን ሁለት ዙር ሲላላ ብቻ የሚድን ሞተር አለ። ከዚያ ዘይቱ ይመረመራል። ቦክሰርን በመሰሉ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ስለሆነ ለመኪና የተሠራና የሚያንሸራትት ቅመም ያለበት ዘይት ጤነኛውን ፍሪሲዮን ያንሸራትተዋል። ለሞተር ሳይክል የተሠራው ዘይት ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት አለው። ዘይት ከመቀየሩ በፊት የሚመረመረው ይህ ምልክት ነው፤ የፍሪሲዮኑ ሳህኖች የሚገዙት ሽቦው ተስተካክሎ፣ ዘይቱ ተቀይሮና በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት እንደገና ተሞክሮ ካልተለወጠ ብቻ ነው።